በሳሙና ካርቶን ላይ የተጻፉ ቃላት

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ያዙኝ። ምክንያቱን ጠየቅኩ። «ደሴ ትሰማዋለህ» አሉኝ። አራት ሰዓት ላይ ደሴ ደረስን፤ ምክንያቱን እዚያም አልሰማሁም። ጣቢያው ቀበቶዬን፣ የጫማ ማሰሪያዬን፣ ስልኬንና ማስታወሻ ደብተሬን ተቀበለኝ። መኪና ውስጥ ካልሲዬ ውስጥ የከተትኩትን የእስክሪብቶ ቀሰም አላገኙትም።

ክፍሉ በእርምጃዬ ስድስት በአራት ነው። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ግድግዳው እስከ ትከሻ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ እርጥበት ልጦታል። በበሩ ሥር የጦሳ ተራራ ብርድ ይገባል። ቦታ የለቀቁልኝ ከቢስቲማ አካባቢ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ሲታጣ በእሱ ፋንታ እሳቸውን ይዘዋቸዋል።

«አብሽር» አሉኝ። «እዚህ ቤት ትምህርት አለ።»

እውነታቸውን ነበር። ከጎናቸው የተቀመጠው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ኮምቦልቻ ባንክ ውስጥ ይሠራል። የስጋት አስተዳደር ለሚባለው ክፍል ሊወዳደር ተመዝግቦ ነበር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ። የፍርድ ቤት ጊዜ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ዋስትና ካገኘ ሰኞ ይፈተናል፤ ካላገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ወረቀት ክልክል ነው። መላውን ያበጁት ሽማግሌው ናቸው። እሳቸው ልጅ ሳሉ ቂርአት፣ የሃይማኖት ትምህርታቸውን፣ የያዙት በጆሯቸው ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ደረሳው ይደግማል። ባንከኛው ቃላቱን፣ ራሱን ጨምሮ፣ ለአሥሩም እስረኛ ሁለት ሁለት አድርጎ አከፋፍሎ ነበር። በየጠዋቱ፣ ከቆጠራ በኋላ፣ ክብ ሠርተው እየተራ የየድርሻቸውን ይሉ ነበር፤ እኔ በገባሁ ቀንም እንድሰማው ደገሙልኝ። እሱ ያርማል፤ በማረሙም ያጠናል።

«ዳይቨርሲፊኬሽን» ይላሉ ሽማግሌው፣ ምላሳቸውን እያስተካከሉ። «ማሽላውን ቆላ፣ ገብሱን ደጋ መዝራት። አንዱን በረዶ ቢመታው አንዱ ይተርፋል።»

«አባባ፣ ሲወጡ ባንኩ እርስዎን ነው የሚቀጥር» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር።

«ደመወዙን በበግ ከከፈሉኝ ምን ከፋኝ! በግ እኮ ሊኪዲቲ አለው፤ በፈለጉት ገበያ ቀን ይሸጣል።»

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ያልጻፍኩትን ነገር አምኜ አላውቅም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ሃያውን ቃል በሳሙና ካርቶን ውስጠኛ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ብርድ ልብሴ ሥር አስገባሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ፍተሻ ሆነ። ካርቶኑ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መርማሪው መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ አነበበ።

«ኤክስፖዠር። ሄጂንግ። ስትረስ ቴስት። ለማን ነው መልእክቱ?»

ባንከኛውን አላየሁትም። ሆን ብዬ ነው ያላየሁት። ከማረፊያ ቤት መልእክት ይልካል የሚል አንድ መስመር መዝገቡ ላይ ከገባ ሐሙስ ዋስትና እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እሺ፣ ጽሕፈቱ ያንተ ነው። ቃሉንስ ማን ሰጠህ?»

መርማሪው ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ወላሂ ይበሉና ይንገሩኝ፤ ማን ነው?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ወላሂ ብዬ አልዋሽም፣ ልጄ። ወላሂ ብዬም ሰው አልሰጥም። መልእክት ነው ወይስ ትምህርት የሚለውን ግን እኛን ጠይቀን።» ከዚያ ሁለቱን ቃላቸውን ከነትርጉማቸው አሉ። መርማሪው ካርቶኑን በጣቱ እየተከተለ ፈለጋቸው፤ ሁለቱም እዚያ ተጽፈዋል።

የባጃጅ ሹፌሩ ሳይጠየቅ ቀጠለ። «ዲፎልት። ተበዳሪ መክፈል ሲያቅተው።» ቀጥሎ ያለው ሰው የራሱን አለ። እንደ ጠዋቱ ተራው ዞረ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። መርማሪው አላቋረጠም፤ ጣቱ ብቻ ካርቶኑ ላይ ይሄድ ነበር።

መጨረሻ ላይ ባንከኛው ቀረ።

«ኮላተራል» አለ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። «ኮላተራል… የተበዳሪ ዕዳ።»

የባንክ ተላላኪ እንኳ የማይስተው ቃል ነው።

«አይደለም!» አሉ ሽማግሌው። «መያዣ ነው፣ መያዣ! ብድር ሲሰጥ የሚያዝ ንብረት። ስናጠና እንቅልፍ ወስዶህ ነበር?»

መርማሪው ከካርቶኑ ቀና አለ። «አንተ ባንክ ነው የምሠራው ትል አልነበር?» አለውና ሳቀ። «ገበሬ ያርምህ ጀመር!»

ማን አስተማረ የሚለውን ድጋሚ አልጠየቀም። ካርቶኑንና እኔን ይዞ ወጣ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኮሪደር ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆምኩ። ስመለስ ሽማግሌው ከስንቃቸው ግማሹን በሳህን ከድነው አቆይተውልኛል። ስለ ካርቶኑ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

ሐሙስ ባንከኛው በዋስ ወጣ። ሽማግሌው ከእኔ አራት ቀን ቀድመው ተፈቱ። እኔ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ደብተሬን መለሱልኝ፤ ካርቶኑ በንብረት ዝርዝሩ ላይ አልተመዘገበም።

ያን ቀን ብዙ ጊዜ ለሰው አውርቻለሁ። ባወራሁ ቁጥር፣ ባንከኛው በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ አውቆ መሳሳቱን እንደ ትልቅ ብልሃት እናገር ነበር። አረጋግጬ ግን አላውቅም። ዘንድሮ ኮምቦልቻ አገኘሁት። ፈተናውን አልፎ የስጋት አስተዳደር ክፍል ውስጥ ይሠራል። ሆን ብሎ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አይደለም» አለ። «ጠፍቶብኝ ነው።»