የትርንጎ ፍንጭትና የሞጣው ባለ ራጅ

ቢቸና ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጀመሪያዋ ታካሚዬ አፏን ለምርመራ ከመክፈቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሞጣ ያለው የጥርስ ሐኪም ወደ ቢቸና የሚመጣበት ቀን አለ ወይ አለችኝ። እኔ አዲስ ጋውን ለብሼ፣ መስተዋትና ጉጠቴን ደርድሬ ቆሜያለሁ። የለም አልኳት። ቅር እያላት ወንበሩ ላይ ወጣች።

ሞጣ ያለው ሙሉቀን ነው። አብረን ተምረን አብረን ተመርቀናል። ምደባው በዕጣ ነበር፤ እሱ ሞጣ ደረሰው፣ እኔ ቢቸና። እኔ ታምሜ ጥቂት ወራት ስዘገይ የእሱ ስም ቢቸና ድረስ ገንኖ ጠበቀኝ። በተግባር ትምህርት ጊዜ ማደንዘዣ ሲወጋ እጁ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግን ይህ ለማን ይነገራል?

ከዚያ ሞጣ የጥርስ ራጅ ገባለት። ቀጥሎ ድድ ከፍቶ የተቀበረ ጥርስ ስለማውጣት ሥልጠና መጣ፤ የተመረጠው እሱ ነው። ኃላፊያችንን እኔስ ብላቸው፣ ራጅ በሌለበት ሥልጠናው ምን ይሠራልሻል አሉኝ። ራጁስ ብላቸው፣ የሠለጠነ ሰው በሌለበት ራጅ አይሰጥም አሉኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ያለ ራጅ የቀረኝ ጣቴ ነው። አንዱ የፊት ጥርስ በቅሎ ጎረቤቱ የዘገየበት ልጅ ሲመጣ ላንቃውን እዳስሳለሁ፤ ጠንከር ያለ እብጠት ካገኘሁ ትርፍ ጥርስ መንገድ ዘግቶ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። አዋቂ ላይ ደግሞ ትርፍ ጥርሱ አንዳንዴ ከመንጋጋ ጎን ወይም ኋላ ይገኛል። ካላመመ፣ ምግብ ካልያዘና ጎረቤቱን ካልጎዳ፣ በየጊዜው እያየሁ እተወዋለሁ።

አንድ መሪጌታ ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ከመጨረሻው መንጋጋ ጎን የበቀለች ትንሽ ትርፍ ጥርስ ምግብ እየያዘች ድዱን አቁስላዋለች። ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ለራጅ ሞጣ ላክኋቸው። እዚያው ተነቅላላቸው ድነው ሲመለሱ መርቀው አይጠግቡም፤ የሚመርቁት ግን ሙሉቀንን ነው። አሜን አልኩ።

እትዬ አንጓች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ገበያ ላይ ቅቤ የሚሸጡ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። የአሥር ዓመት ልጃቸው ትርንጎ ከፊት ጥርሶቿ ኋላ እንደ እሾህ የቀጠነ ትርፍ ጥርስ አብቅላ ምላሷን ያቆስላታል። ከፊት ደግሞ ሰፊ ፍንጭት አላት። እሾሁን ንቀይልኝ፣ ፍንጭቷን ግን እንዳትነኪብኝ አሉኝ። በአገራችን ፍንጭት የሴት ልጅ ጌጥ ነው፤ አልፈረድኩባቸውም።

ላንቃዋን ስዳስስ ከእሾሁ በላይ ሌላ እብጠት አገኘሁ። አንደኛው የፊት ጥርሷም መዞር ጀምሯል። ፍንጭት ያሉት፣ ውስጥ የተቀበረ ሌላ ትርፍ ጥርስ ሁለቱን የፊት ጥርሶች እየገፋ የለያየበት ቦታ እንደሆነ ጠረጠርኩ። ከቆየ የጤነኛውን ጥርስ ሥር ሊበላው ይችላል። ለራጅ ሞጣ መሄድ አለባት አልኩ።

እትዬ አንጓች እንቢ አሉ።

“ሞጣ አልሄድም። ያ ሰውዬ ፍንጭቷን ይገጥምብኛል። እኔ የማምነው ያንቺን እጅ ነው።”

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ቢቸና በሠራሁበት ዓመት ሁሉ እሱን ትቶ እኔን የመረጠ ሰው አይቼ አላውቅም። የሚታየውን እሾህ መንቀል ቀላል ሥራ ነው። ነቅዬ ብሸኛቸው ግን እናትየው ጨረስን ብለው ሞጣን ዳግመኛ አያነሡም፤ የተቀበረው እዚያው ይቀራል። ድዱን ራሴ ልክፈት ብል ደግሞ የት ጋ እንደተኛ አላየሁትም፤ የልጅቷን ጤነኛ ጥርስ ላጠፋ እችላለሁ። ጉጠቱን መልሼ አስቀመጥኩ።

“አንቺ አትችይም ማለት ነው?” አሉኝ።

“አልችልም፣ እትዬ። እሱ ይችላል።”

እነዚህን ቃላት ለማውጣት የታገልኩትን ያህል ከማንም መንጋጋ ጋር አልታገልኩም። ስለ ፍንጭቱም እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሊጠብ ይችላል፣ ጥርሷ ግን ይተርፍላታል። የልጃቸውን ከንፈር ገልጠው ፍንጭቷን አዩና፣ በይ የሞጣውን ወረቀት ጻፊልኝ አሉ።

በጉንደ ወይን በኩል ያን አቧራ መንገድ ሄደው ተመለሱ። ትርንጎ የራጁን ፊልም ይዛ መጣች። የተቀበረው ጥርስ ተገልብጦ፣ ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አዙሮ፣ ከጤነኛው ሥር ጋር ተጠጋግቶ ተኝቷል። በጭፍን ብገባ ኖሮ ሁለቱንም ነበር የማበላሸው። ሙሉቀን ሁለቱን ትርፍ ጥርሶች አውጥቶ በንጹሕ ስፌት ዘግቶታል። ስፌቱን ሳወጣ እንከን ፈለግሁለት፤ አጣሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገበያ ስወጣ እትዬ አንጓች ለሰው ሲያወሩ ሰማሁ። የሞጣው ልጅ ልጄን አዳነልኝ፣ እጁ ይባረክ ይላሉ። አዩኝና፣ ይቺ ደግሞ መንገዱን ያሳየችኝ ናት አሉ። ቅቤ ሳልገዛ ተመለስኩ።

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ አንድ ትርፍ ጥርስ ስታገኙ ሁለተኛ አለ ብላችሁ ፈልጉ። የተቀበረውን ሳታዩ አትክፈቱ፤ ማየት የሚችል ካለ ላኩ። ምስጋናው ለነቀለው ሰው ነው። እኔ ሥራ እስከለቀቅሁበት ቀን ድረስ በሙሉቀን እንደቀናሁ ነው፤ እየቀናሁም ልኬያለሁ።