ሁለት ሳልና የቺዝ ሶሱ

ባሌ ድንችን አንዴ ጠብሶ አያውቅም፤ ሁለቴ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ሁለቴ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ እኔም ሲያናድደኝ እንደዚያ እለዋለሁ። ሰው ተቻኩሎ ድንች ሲጠብስ ካየ፣ እናቱን የሰደቡበት ይመስል ፊቱ ይጨማደዳል። እሱ በጣት ውፍረት ይቆርጣል፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ያጥባል፣ ይዘፈዝፋል፣ ከዚያ ሕፃን ልጅ እንደሚያደርቅ ሰው በፎጣ ቀስ አድርጎ ያደርቃል። መጀመሪያ መለስተኛ እሳት ላይ፣ ነጭ እንደሆነ ውስጡ እስኪበስል ይጠብሰዋል። ያወጣውና ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ በጣም በጋለ ዘይት፣ ለአጭር ጊዜ፣ ቡናማ እስኪል ይደግመዋል። መድረሱን የሚያውቀው በጆሮው ነው። «ስሚው፣ ድንቹ ውስጥ ውሃ እስካለ ዘይቱ ይጮኻል። ዝም ማለት ሲጀምር አውጪው» ይለኛል።

ምግብ ቤቱ የገባው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሳህን አጣቢ ሆኖ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ሲያጥብ፣ ሙያውን የለቀመው ከኋላው በሚሰማው ድምፅ ነበር። አንድ ቀን ድንች ጠባሹ ሲቀር «እኔ ልሞክር» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ከምድጃው የነቀለው የለም። ከድንች ወደ ሶስ፣ ከሶስ ወደ ዋና ሼፍነት አደገ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሰው ወረፋ ይዞ የሚበላው ቺፕስ፣ ያ የቀለጠ ቺዝ የሚፈስበትና የተፈጨ ሥጋ ከነቃሪያው የሚከመርበት ሳህን፣ የሱ እጅ ሥራ ነው።

ባለፈው የብርድ ወራት ክፉ ጉንፋን ያዘው። ተሻለውና ሥራ ገባ። በሳምንቱ እኔ ልብስ ሳጥብ ያረረ ወተት ሸተተኝና ወደ ማድቤት ሮጥኩ። ጢሱ ጣሪያውን ነክቷል። እሱ ለምድጃው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እያፏጨ ሽንኩርት ይልጣል።

«አንተ ሰውዬ! ቤቱ ሲነድ አይሸትህም?»

«ምኑ?» አለኝ።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሽንኩርቱን አፍንጫው ላይ ለጠፈው። ከዚያ ሳሙናውን፣ የጫማ ቀለሙን፣ የእኔን ሽቶ እየከፈተ ቤቱን ዞረ። ሽቶዬን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ መሳቁን ትቶ ነበር። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ታገሥ» ብሎ ሸኘው። እሱ ግን የገታው አፉን ብቻ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። «አፍንጫ የሌለው ሼፍ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? አለቀልኝ ማለት እኮ ነው» አለ። እኔም ማልኩ። ምን ነክቶኝ እንደማልኩ እስካሁን አላውቅም።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ምግብ ቤት ውስጥ ሶሱን «እስቲ ቅመሱ፣ ተማሩ» እያለ ለረዳቶቹ ያስቀምሳል፤ እነሱም መምህርነቱን ያደንቁለታል። ሁለት ወር እንዳለፈ ነው የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ጠባያቸው የተለወጠው። ድሮ ወጥ ቤት ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር። አሁን እሱ ሲደርስ እትዬ ቀድመው ገብተው፣ በርና መስኮቱን በርግደው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለው ያገኛቸዋል። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ገና ሳይነጋ!

«እየሰለሉኝ ነው» አለኝ። «አንድ ነገር ሸቷቸዋል።»

ሁለተኛ ምግብ ቤት ሊከፍቱ እንደሆነና የዚያ ወጥ ቤት ለሱ እንደሚሰጥ ከተወራ ሰነባብቷል። እንዲህ እየተጠባበቅን ሳለ ጠሩትና «እሁድ ዝግ ነን፤ እቤትህ እመጣለሁ። ያንን ቺዝ ያለበትን ቺፕስ ሠርተህ አብላኝ። ሠራተኛ በሌለበት ላይህ እፈልጋለሁ» አሉት። የመጣልን ፈተና መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ቅዳሜን ስንለማመድ ዋልን። ድንቹን በጆሮው፣ ጨውን በማንኪያ ልክ ይወጣዋል። የሚያስፈራው ሶሱ ነው፤ ወተቱ ከሥር ሲይዝ መጀመሪያ የሚናገረው ሽታው ነውና። ስለዚህ አፍንጫው እኔ ሆንኩ። አንድ ጊዜ ካሳልኩ እሳቱን ይቀንሳል። ሁለት ጊዜ ካሳልኩ አርሯል ማለት ነው፤ ሳያቅማማ ደፍቶ እንደገና ይጀምራል። ለዚሁ ብለን ወተቱንም ቺዙንም እጥፍ ገዛን።

«ሁለት ሳል ከሰማሁ አላይሽም፣ አልጠይቅሽም፤ እደፋዋለሁ» አለኝ። «ያረረ ሶስ ከማቅረብ መድፋት ይሻላል።»

እሁድ እትዬ በሰዓታቸው ከተፍ አሉ። ሳሎን አበባ አስቀምጬ፣ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፌ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?» ብለው በርጩማውን አንጠልጥለው ማድቤት ገቡና ከምድጃው ሁለት እርምጃ ላይ ተቀመጡ። ማድቤታችን ሁለት ሰው ሲገባበት የሚጠብ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ጥብስ አማረ። ድንቹን አውጥቶ ወንፊት ላይ ዘረጋው።

«ዘይቱ አዲስ ነው?» አሉት።

«ትናንት የተገዛ ነው፣ እትዬ።»

«ሽታው ጥሩ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ውሸቱን ስሰማ የማፍረው እኔ ሆንኩ።

ሥጋውን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ጠብሶ አወረደ። ቅቤውን አቅልጦ ዱቄቱን ነሰነሰ፣ ወተቱን ቀስ በቀስ እያንጠባጠበ አማሰለ። እኔ የምተነፍሰው አየር ሁሉ የጠፋብኝ ይመስል በአፍንጫዬ እስባለሁ። ምንም የማረር ሽታ የለም። ወፈር ሲል ከእሳት አውርዶ የተፈቀፈቀውን ቺዝ እፍኝ በእፍኝ ጨመረበት፤ እሳት ላይ ከገባ ይቋጠራላ! ሶሱ ለስልሶ፣ ከማንኪያው እየተጎተተ ሲወርድ አየሁት። ለሙቀቱ ብሎ ትንሿ እሳት ላይ መልሶ ጣደው። እፎይ ብዬ፣ አፌ ደርቆ ስለነበር ውሃ ቀዳሁና ተጎነጨሁ።

ይህን ጊዜ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ የባልሽ ጤና እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

ውሃው ትን አለኝ።

አንዴ አሳለኝ። ወዲያው ደገመኝ። ሦስተኛውን በሁለት እጄ አፍኜ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ዋጥኩት። ምነው ባላፈንኩት! ሦስተኛ ጊዜ ቢሰማኝ ኖሮ ትን እንዳለኝ ይገባው ነበር። ሁለት ብቻ ሰማ። እንዳለውም አላየኝም፣ አልጠየቀኝም። ድስቱን በፎጣ አንስቶ ያንን የመሰለ ሶስ ዥው አድርጎ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ደፋው።

ክው ብዬ ቀረሁ።

«ለምን ደፋኸው?» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

«አረረብኝ። ያረረ አላቀርብልዎትም።»

እትዬ ተነሡና ድስቱን ከእጁ ተቀበሉት። ጠርዙ ላይ የቀረውን በጣታቸው ጠርገው ቀመሱ። ጣታቸውን ለእኔም ዘረጉልኝ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ቀመስኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሶስ ቀምሼ አላውቅም።

«አላረረም» አሉ።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። አስተያየቱን አልረሳውም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ በጨለማ እጁን ይዞ የሚመራውን ሰው ያጣ ሰው አስተያየት ነው። «ውሃ ትን ብሎኝ ነው» አልኩት። እትዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ።

እሳቱን ሁሉ አጠፋና ሽርጡን ፈታ። «አይሸተኝም፣ እትዬ» አለ። «ሦስት ወር ከሳምንት ሆነኝ። ቡናም፣ ሳሙናም፣ የሚስቴ ልብስም አይሸተኝም። እሷ ናት እያሳለች የምትነግረኝ።»

እትዬ አልደነገጡም። በርጩማው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ድንገት በጣም ያረጁ መሰሉኝ።

«አውቃለሁ» አሉ። «የዛሬ ወር ግድም፣ አንድ ማለዳ 'ደጅ የሚፈልግህ ሰው አለ፣ ቶሎ ውጣ' ያልኩህ ትዝ ይልሃል?»

«አትክልት አምጪው መስሎኝ ወጣሁ። ማንም አልነበረም።»

«አልነበረማ። ጋዙ ሳይዘጋ አድሮ ነበር። በኋላ በር ስገባ ጠረኑ ሊጥለኝ ደረሰ። አንተ ምድጃው ፊት ቆመህ እያፏጨህ ነበር። በእጅህ ክብሪት ይዘሃል፤ እንጨቷን አውጥተሃል። ጮኼ ብናገር ደንግጠህ ትጭራታለህ ብዬ ፈራሁ። ለዚያ ነው የዋሸሁህ።»

ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ወተት ማረር ስጨነቅ፣ ስለ ሹመት ሳሰላስል፣ ይህ ነገር አንዴ እንኳ በሐሳቤ ውል አላለም። ምዬ የጠበቅሁለት ሚስጥር ባሌን በየማለዳው ክብሪት አስይዞ ሲልከው ኖሯል። በራሴ ላይ ደሜ ፈላ።

«ታዲያ በየማለዳው የሚመጡት...» አልኳቸው።

«መስኮት ልከፍት ነዋ፣ ልጄ። ከሱ በፊት ገብቼ ላሽትት። እኔ ምን ሥራ አለኝ በዚያ ሰዓት?» አሉና ወደ እሱ ዞሩ። «ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁህ። ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም። ዛሬ በቤትህ እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት። አዲሱን ወጥ ቤት ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ እሱን አልዋሽህም። ብቻህንም ምድጃ አትለኩስም። ድንቹና ጆሮህ ግን የትም አይሄዱም። ከመጣህ ቦታህ አለ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወጣውን ደረጃ ቁልቁል ሲቆጥር ይታየኝ ነበር። ሁለተኛውን የወተት ጣሳ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ተነሣ። እጁን ታጥቦ ቅቤውን ድስቱ ውስጥ ጣለ፤ ክብሪቱን ግን ለእኔ ሰጠኝ። የሶሱንም የዘይቱንም እሳት ለኮስኩለት። ወተቱን እያንጠባጠበ፣ ፊቱን ከድስቱ ሳያነሣ፣ «እትዬ፣ ይሸታል?» አለ።

«ወተት ወተት ይላል።»

ጥቂት ቆይቶ «አሁንስ?»

«ደህና ነው። አማስል።»

«አሁንስ?» ድምፁ ተሰበረ።

«ደህና ነው አልኩህ እኮ!»

ድንቹን ለሁለተኛ ጊዜ የጋለው ዘይት ውስጥ ጨመረ። ሦስታችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ጩኸቱ መስከን ሲጀምር አወጣው፤ ጨው ነሰነሰ፣ ሶሱን አፈሰሰ፣ ሥጋውን ከነቃሪያው ከመረበት። እትዬ በጣታቸው እየዘገኑ፣ ሳህኑ ዳር የቀረውን ቺዝ ሳይቀር እየጠረጉ በሉ። እኔም በላሁ። እሱ አልነካውም።

ሊሄዱ ሲነሡ ከኪሱ የቁልፍ ቀለበቱን አወጣ። የምግብ ቤቱን ቁልፍ ነጥሎ ሊያወጣ ቢታገል አልላቀቅ አለው። ተቀብዬው በጥፍሬ ፈልቅቄ አወጣሁትና መለስኩለት፤ እሱ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

እትዬ ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ጣሉት። «እሰይ» አሉ። «አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አልተኛሁም። አሁን ሌላ ሰው ይክፈተው።»

ባሌ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልወጣም። የማድቤቱን ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ፣ እሳቸው ደረጃውን ወርደው እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። እኔም የምድጃውን ጋዝ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ መጣሁና አጠገቡ ቆምኩ።