ያልተደፈነው ቦይ

እናቴ ክረምት አትወድም ነበር። ደረቷ ሕመምተኛ ስለሆነ፣ ትንሽ እርጥበት ከነካት ስታስል ትሰነብታለች። ቤታችን የሚከደነው ከታች ከረግረጉ በሚታጨድ ጨፌ ነበር። በመቱ አካባቢ ከጨፌ የተሻለ ክዳን የለም፤ ውሃ ውስጥ ያደገ ሣር ነውና ዝናብ አይበግረውም።

አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነው፤ ረግረግ ሲያይ ይናደዳል። "ስንት መሬት ተኝቶ ውሃ ይጠጣል!" ይል ነበር። በመጨረሻ ውሃውን በቦይ አጠንፍፎ በቆሎ ዘራበትና የሚያስቀና ምርት አገኘ። ያገሩ ልማድ ታዲያ በቆሎው እንደተሰበሰበ ቦዩን መድፈን ነው፤ ውሃው ተመልሶ ይተኛል፣ ጨፌውም ይበቅላል። አባቴ ግን ወዲያው አተር ሊያስከትልበት አሰበ።

"ኧረ እርስዎ፣ እንደ ሰዉ ይድፈኑት! ቤቱን በምን ልንከድነው ነው?" አለችው እናቴ።

"ጨፌ ይበላል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ያን ሳቁን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

እየደጋገመ አረሰው። መጀመሪያ እንደ ቅቤ የለሰለሰው ጥቁር አፈር ውሎ አድሮ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ሲረግጡት አቧራ ይሆናል። አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየና ከረግረጉ በታች ያለው ምንጫችን ነጠፈ። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ዶፍ ሆኖ መጣ። ድሮ ረግረጉ ጠጥቶ ያስቀረው የነበረ ጎርፍ አፈሩን ጠራርጎ ወሰደው።

በዚያው ክረምት ያረጀው ጣራችን በሰበሰ። አባቴ ጨፌ ፍለጋ ሁሩሙ ደረሰ፣ ኖፓ ድረስም ሄደ።

"ጋሼ፣ ሂን ጅሩ፣ የለም። እኛም በቆሎ ዘርተንበታል" አሉት።

ባዶ እጁን ተመልሶ ጣራውን በበቆሎ አገዳ ከደነው። አገዳው ዝናቡን ጠጥቶ ወዲያው ሸተተ። የእናቴን አልጋ ከጥግ ጥግ ብናዛውረውም ጠብታው አልተዋትም።

አንድ ቀን አባቴ የበቆሎ ገንፎ በገዛ እጁ ይዞላት ገባ። ገና ሳትቀምሰው ከጣራው ጠብታ ሳህኑ ላይ አረፈ።

"ይብሉት እርስዎ" አለችው። "እኔ የጠፋብኝ የሚበላ አይደለም፤ የሚከድነኝ ነው።"

መስከረም ሳይጠባ ሞተች። አባቴ ከቀብር እንደተመለሰ ለቀስተኛውን ትቶ ቦዩን ሊደፍን ወረደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማንም አልተከተለውም፤ እኔም አልተከተልኩትም።

ውሃው ቀስ እያለ ተመለሰ፣ እንቁራሪቱም መጣ። የበቀለው ግን ከብት እንኳ የማይቀምሰው አረም ነው። አባቴ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ወርዶ ያይ ነበር። እሱ እስኪሞት ድረስ ጨፌ አልበቀለም።