የእንጀራ ልጄ ጥንቸል

ባሌን ያገባሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። በእኛ ቤት ሠላሳ አራት የሞላት ሴት ዘገየች አይባልም፤ ቀረች ነው የሚባለው። ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃት እናቴ «ሥራዋን ይዛለች» ትልና ወሬ ትለውጣለች። እሱ ደግሞ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ነበር። ወርቃ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ስለነበር፣ እሸት ቡናው ሲደርስ ወደ ቤት የሚመጣው በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ነው። «ልጄን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ የተሻለ ጥያቄ መጥቶልኝ ስለማያውቅ እሺ አልኩ።

ልጅቷ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ እማዬ በያት ቢላት እትዬ አለችኝ። አንቺ በያት ቢላት እርስዎ አለችኝ። ባለጌ አልነበረችም። ባለጌ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ባለጌ ልጅ ይቆጡታል፣ ያኮርፋል፣ ይታረቃል። እሷ ግን እንግዳ ቤት የመጣች ይመስል ትታዘዘኝና ታመሰግነኛለች።

ጥንቸል ነበራት። ነጭ ነው፣ ጆሮዎቹ አመድማ። እናቷ ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊት፣ አልጋ ላይ ሆና ነው ሰው ልካ ያስገዛችላት። የሚያድረው በልጅቷ አልጋ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ቀን ግን ሳሎኑ የእሱ ነው። የቴሌቪዥኑን ገመድ በላ። በሠርጌ ሰሞን የተገዛውን ፍራሽ ሸናበት። ጎረቤታችን ያሉት ሴትዮ፣ የማይበላ አውሬ ከሚዞርበት ቤት አልቀመጥም ብለው በር ላይ ቆመው እያወሩኝ ይመለሱ ነበር። እኔም ይህንኑ ለባሌ ነገርኩት።

«ስለ ጥንቸሉ ብቻ እንዳትነግሪኝ» አለኝ። «እናቷ ናት የገዛችላት።»

ከዚያ በኋላ አላነሳሁበትም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞክሬያለሁ። የምትወደውን ምግብ አባቷን ጠይቄ ሠራሁላት፤ ሁለት ጉርሻ በልታ ጠገብኩ አለች። ጸጉሯን ሹሩባ ሠራኋት፤ በማግስቱ ራሷ ፈትታው አገኘኋት። አንድ ቀን ከደመወዜ ቀይ ጫማ ገዛሁላት። አድርጋው ሳሎኑ መሀል ቆመች፤ ጥንቸሉ መጣና ማሰሪያውን ቆረጠመው። ከመቆጣት ይልቅ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ መሬት ላይ ተኝታ አፍንጫውን ሳመችው። በዚያ ቤት ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ በሆዷ ትተኛና የዋለችበትን ሁሉ በጆሮው ትነግረዋለች። እኔ ምን ተማርሽ ስላት «ደህና ነው» ነበር መልሷ።

በመስከረም ጥንቸሉን እከክ ያዘው። ጆሮውን ያክካል፣ ራሱን ያወዛውዛል። እሷ ትምህርት ቤት ሳለች በካርቶን አድርጌ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቤት ውስጥ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው ገጥሞት ስለማያውቅ መሰለኝ ደስ ብሎት ብዙ አስረዳኝ። መርፌ ወጋው፤ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ድገሙት፣ በቃው ብሎ የጆሮ ጠብታ ሰጠኝ። ጥንቸልን ሲያነሱት ጭልፊት የነጠቀው ነው የሚመስለው አለኝ። ውሃ እንዳይነካው፣ ታጥቦ በድንጋጤ የሞተ አውቃለሁ አለ። ሊያለምዱት ከፈለጉ መሬት ይቀመጡ፣ እጅዎን አይዘርጉ፣ ራሱ ሲመጣ የሚበላ ይስጡት አለ። በመጨረሻም «አንዴ የፈራውን እጅ ቶሎ አይረሳም» አለኝ።

ስመለስ ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነበር። የሰውነቱ ሙቀት በካርቶኑ አልፎ ይሰማኛል። ሳላስበው አደረግሁት ማለት ብችል በወደድኩ። ግን ባጃጁ ደጃችን ሳይደርስ አስቤ ጨርሻለሁ።

ልጅቷ ስትመጣ አስቀምጬ ነገርኳት። ሐኪሙ ጠብታውን ጠዋትና ማታ አድርጉለት ብሏል፤ በየቅዳሜው በሳሙና ካልታጠበ እከኩ ተመልሶ ይገድለዋል፤ ጥፍሩም በየሳምንቱ ይቆረጥ ብሏል አልኳት። «ያንቺ ስለሆነ አንቺ ነሽ የምታደርጊው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«እሺ እትዬ» አለች። «ስለወሰዱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሳፋውን ጓሮ አወጣሁላት፣ ውሃውንም አሞቅሁላት። እኔ አልነካሁትም፤ በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ጥንቸል ድምፅ ያለው አይመስለኝም ነበር። ውሃው ውስጥ ስትነክረው ጮኸ፤ የሕፃን ልጅ ጩኸት ነው የሚመስለው። በኋላ እግሩ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ድረስ ቦጨቃት። እያለቀሰች አጠበችው፤ አልለቀቀችውም። ከዚያ በራሷ ፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትለው ነበር። እኔ ክንዷን በአልኮል ጠረግሁላት፤ ጎበዝ ነሽ አልኳት።

እኔ ደግሞ የራሴን ጀመርኩ። መሥሪያ ቤቴ ቅርብ ስለነበር ለምሳ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ እሷ ምሳዋን ይዛ ሄዳ ማታ ነው የምትመለሰው። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ጎመን ቆርጣ በሳህኑ ታስቀምጥለታለች። እሷ እንደወጣች አነሳዋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ እሱ ከራበው በኋላ፣ ጫማዬን አውልቄ ሊሾው ላይ እቀመጣለሁ፤ ያንኑ ጎመን፣ አንዳንዴም ካሮትና ሙዝ አጠገቤ አደርግና ፊቴን አዞራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሶፋው ሥር አልወጣም። በአራተኛው ቀን የእግር ጣቴን አሸተተ። በሁለተኛው ሳምንት አገጩን ጉልበቴ ላይ ማሸት ጀመረ፤ ሐኪሙ ይህ የእኔ ነው ሲል ነው ብሎኛል። ከዚያ በኋላ በሩን ስከፍት እግሬን እየዞረ ይቀበለኛል። ከበላ በኋላ ጎኔ ዘርፈጥ ብሎ ይተኛል፤ ግንባሩን ስደባብሰው ጥርሱን በቀስታ ያፋጫል።

ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ባሌ ወርቃ ነው፣ እናቴ ቤት እንደ ልጅነቴ አልሄድም፣ እዚያ ቤት ስገባ ደስ የሚለው ፍጡር እሱ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን የሥራ ሰዓት እያለፈብኝ እንኳ ከአጠገቡ አልነሳም ነበር። ግን ደስታው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጎመኑን ከሳህኑ አላነሳም፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ውሃ አላሞቅም ነበር።

እከኩ በሦስት ሳምንት ጠፋ። እጥበቱ ቀጠለ። ልጅቷ ማታ ገብታ በሆዷ ስትተኛ፣ ጥንቸሉ በኋላ እግሩ ወለሉን ደብ አድርጎ ይመታና ከሶፋው ሥር ይገባል። ቅጠል ብትዘረጋለት ጠግቧል። እጇን ብታስገባ ነከሳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተኝታ፣ ከሩቅ፣ የዋለችበትን መንገሯን ቀጠለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ያንንም ተወችው። አንድ ማታ እራት እየበላን ሳለ ራሷ አነጋገረችኝ።

«እትዬ፣ አሁንም ያመዋል መሰለኝ» አለችኝ። «ስጠራው አይመጣም።»

ያን ጊዜ ማቆም እችል ነበር። በቃ ድኗል፣ እጥበቱ ይቅር፣ ጎመኑን ከእጅሽ ስጪው ብላት በአንድ ወር ውስጥ ወደ እሷ ይመለስ ነበር። ያን ያህል ጥንቸሉን አውቀዋለሁ።

«በደንብ ስላልዳነ ነው» አልኳት። «እጥበቱን እንዳታቋርጪ።»

ባሌ ለገና መጣ። የቡናው ሥራ ስለቀለለ ፊቱ ፈክቷል፤ አብሮት የሚሠራ ሰውም ይዞ ነበር። ከምሳ በኋላ እንግዳው፣ ጥንቸል በስሙ ሲጠሩት ይመጣል ሲባል ሰምቼ አላምንም አለ። ባሌ ልጁን ጠራትና ጥንቸልሽን ጠርተሽ አሳዪው አላት። እሷ አባቷን አየችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በዚያ እሷ ብቻ በምትጠራበት ስም በቀስታ ጠራችው። ጥንቸሉ ከሶፋው ሥር ሆኖ ወለሉን መታ። ደግማ ጠራችው። ወጣ፤ በእሷ በኩል እንዳያልፍ ግድግዳውን ታክኮ ዞረና ወደ እኔ መጣ። እግሬን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ አገጩን ጫማዬ ላይ አደረገ።

ባሌ በጣም ሳቀ። «አየሽ፣ እሱም ወዷታል!» አላት። በዓይኑ እንባ እስኪሞላ ደስ ብሎት ነበር፤ ቤቱ የተስተካከለለት መስሎታል። እንግዳውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጅቷ ተነሳች። ወደ ክፍሏ ገብታ ካርቶኑን ከነጨርቁ ይዛ ወጣች፤ ከእኛ መኝታ ቤት በር ሥር አስቀመጠችው።

«ከእርስዎ ጋር ይሁን» አለችኝ። በእንግዳው ፊት ነው። ከዚያ ሳህኖቹን አነሳችና ልታጥብ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልነካችውም። ሲያልፍ እግሯን ሰብስባ ታሳልፈዋለች። ክረምት ሲገባ ይርጋጨፌ ካለችው የእናቷ እህት ዘንድ ሆና ልትማር እንደምትፈልግ ለአባቷ ነገረችው። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ይሻላል አለችው፤ አመናት። እኔ ልብሷን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩላት። ቀዩን ጫማ ትታው ሄደች፤ ደግሞም ጠቧታል።

ጥንቸሉ ቀረልኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ለምን እንደፈለግሁት ጠፋኝ። ወደ ቤት ስገባ እግሬን ይዞራል፣ ቀሚሴን በጥርሱ ይስባል፣ ልቀመጥ ስል ይጠጋኛል። መጀመሪያ ሰለቸኝ፤ ኋላ ግን ማየት አቃተኝ። በጓሮ ማብሰያው ጥግ የእንጨት ሣጥን አስደርጌ እዚያ አወጣሁት። ሳስታውስ እመግበዋለሁ። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ሣጥኑን ይቧጭራል። ዲላ ዝናቧ ረጅም ነው፤ እርጥበቱ አፍንጫውን ዘጋው። ወደ ሐኪሙ መውሰድ እችል ነበር፤ ያን ሐኪም ግን ማየት አልፈለግሁም። አንድ ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። ለልጅቷ ስልክ ደውዬ ስነግራት «እሺ» አለች፤ አባቴ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝና ዘጋችው።

አሁን እሷ ትልቅ ሰው ናት። ሐዋሳ ትሠራለች፤ ለበዓል ትመጣለች፤ ባዶ እጇን መጥታም አታውቅም። ባለፈው ፋሲካ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሁለታችን ጓሮ ሽንኩርት እንከትፍ ነበር። ነገርኳት። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ሱባዔ ገብቼ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስለነበር፣ እሳቸውም ይቅርታ ጠይቂያት ስላሉኝ ይሆናል። ጎመኑን ከሳህኑ አነሳ እንደነበር፣ ለምሳ እየመጣሁ ወለሉ ላይ እቀመጥ እንደነበር ነገርኳት።

ቢላዋን አላቆመችም።

«አውቅ ነበር» አለች። «አንድ ቀን መምህሮቹ ስብሰባ ስለነበራቸው በግማሽ ቀን ለቀቁን። በመስኮት አየሁዎት። ወለሉ ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነበር።»

«ታዲያ ለአባትሽ ለምን አልነገርሽውም?»

«እሱም መሳቅ ጀምሮ ነበር» አለች። «እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።»

ይህን ስሰማ ደረቴ ቀለል አለኝ። ካወቀች፣ ችላውም ከኖረች፣ የቀረውን ብነግራት ምን ይጎዳታል ብዬ አሰብኩ። ቀለል ያለኝ ለራሴ ነው፤ ያኔ ግን አልገባኝም። ሐኪሙ እጠቡት አላለም ነበር አልኳት። ጭራሽ ውሃ እንዳይነካው ነው ያለኝ፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ እንዲፈራሽ ብዬ ነው አልኳት።

ቢላዋ ቆመ።

«እጥበቱን አላወቅሁም» አለች። «እያዳንኩት ነበር የመሰለኝ።»

ቀኝ እጇን አነሳች፤ ክንዷ ላይ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ያንን ጠባሳ አየሁት፤ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። ራሷ አላየችውም። በሽንኩርቱ የራሰ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሽንኩርቱን እስከ መጨረሻው ከተፈችው፤ አስተካክላ፣ አድቅቃ። ከዚያ እጇን ታጥባ ገባች። ሦስት ቀን ልትቆይ ነበር የመጣችው። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ አገኛት፤ ሥራ ተጠራሁ አለችው። እኔንም ሦስት ጊዜ ስማኝ ሄደች።