በሰው ስም የሚነግድ ባለቤት

ባለ ፍራንቻይዝ ማለት በራሱ ገንዘብ ቤት ከፍቶ በሌላ ሰው ስም የሚነግድ፣ ትእዛዙ የኩባንያው፣ ኪሳራው ግን የግሉ የሆነ ባለቤት ነው። ጳውሎስ አካባቢ በርገር ቤት የከፈተው ሰውዬ ለዚህ ትርጓሜ ሁነኛ አብነት ነው። ኩባንያው ያለበሰውን ቀይ ቆብ ሽበቱ ላይ ደፍቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ከኩባንያው የምትላከውን ተቆጣጣሪ መኪና የምትመስል መኪና ባለፈች ቁጥር ቆቡን ያቃናል። ሁዳዴ ገብቶ ቤቱ ወና ሆኗል፤ ውሉ ግን የጾም ምግብ እንዳይሸጥ ይከለክለዋል። ዘይቱንም ከኩባንያው ብቻ፣ ያውም በውድ ዋጋ፣ እንዲገዛ ያስገድደዋል።

«ጋሼ፣ የፍራንቻይዝ ሕጉ ይሻሻላል እየተባለ ነው እኮ» አለችው፣ ደጃፉ ላይ የምስር ሳምቡሳ የምትጠብሰው የዓለምወርቅ።

«እሱ እስኪሻሻል እኔ እዘጋለሁ! ገንዘቡ የኔ፣ ድካሙ የኔ፤ ዘይት እንኳ መርጬ አልገዛ! ይሄ ባርነት ነው እንጂ ንግድ ነው?» አለና ወደ ቦዩ እንትፍ አለ።

የዓለምወርቅ ከንፈሯን መጠጠችለትና ከዘንቢሏ የዘይት ጠርሙስ አወጣች።

ሰውየው ጠርሙሱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄን ደግሞ ከየት ገዛሽው? ደጄ ላይ የሚጠበሰው ከኔ በተገዛ ዘይት ብቻ ነው ብለን አልተዋዋልንም?»