በሱሉልታ በሮች ላይ የቀባሁት ቀይ ቀለም

ኮሌጅ ውስጥ የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ኮንትሮል ግሩፕ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ፊቴ ይግላል። ተማሪዎቼ የክፍሉ ሙቀት ይመስላቸዋል፤ አንዷ ደግ ልጅ ተነስታ መስኮት ትከፍትልኛለች። «ለውጥ ያደረግንለትን ቡድን ምንም ካላደረግንለት ጋር ካላስተያየን ለውጡ ከምን እንደመጣ አናውቅም» እላለሁ። ትክክል ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። ግን «ምንም ያላደረግንለት» የሚለው ጋ ስደርስ አንዲት የሱሉልታ ባልቴት ትዝ ይሉኛል፤ ድምፄን ቀነስ አድርጌ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ያኔ ሰበታ በሚገኝ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ቡራዩ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። አባቴ ከቤታችን የመጀመሪያዋ ተመራቂ ልሆን መሆኑን ለገዢውም ዋጋ ብቻ ጠይቆ ለሚወጣውም ሳይነግር አይውልም ነበር። የእኔም ጉራ ልክ አልነበረውም። እናቴ ወጥ ጨው በዛበት ብትል እንኳ «ከምን ጋር አስተያይተሽ?» እያልኩ አሰለቻት ነበር።

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ወተት ነበር። ላም ከመታለቧ በፊት ግቷ በሞቀ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ ቢታጠብ ወተቱ ሳይበላሽ ይቆይ ይሆን? ለዚህ ከሱሉልታ የተሻለ ቦታ አልነበረም፤ አጎቴም እዚያ ሱቅ ስለነበረው ማደሪያ አላጣሁም። ከከተማው ዳር፣ የግጦሽ ሜዳው ከሚጀምርበት ሰፈር፣ ላም ያላቸውን ቤቶች ይዤ ዕጣ አወጣሁ። ዕጣ የሚወጣው ተመራማሪው እንዳያዳላ ነው። ግማሾቹ ሳሙና፣ ጨርቅና ትምህርት አገኙ። የቀሩት እንደለመዱት እንዲያልቡ ተተዉ። ከሁሉም ቤት በየማለዳው አንድ ሲኒ ወተት እየተቀበልኩ አጎቴ ሱቅ ጓዳ ውስጥ እደረድርና የትኛው ቀድሞ እንደሚበላሽ እከታተላለሁ። አጎቴ «የወተት ፖሊስ» ብሎ ስም አወጣልኝ።

አማካሪዬ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። «ኮንትሮል የሆኑት ሰዎች ምድባቸውን እንዳያውቁ» ብለው አስጠነቀቁኝ። «ካወቁ እልህ ይይዛቸውና ከሌሎቹ በላይ ያጥባሉ፤ ካልሆነም ይቀየሙሻል። በሁለቱም በኩል ጥናትሽ ገደል ይገባል።» እኔም ይህን ከሁሉ ትምህርት አስበልጬ ያዝኩት።

ቤቶቹ ግን ተቀላቀሉብኝ። ሁሉም የቆርቆሮ አጥር፣ ሁሉም የቆርቆሮ በር ነው። አባቴ የግቢያችንን በር ሲያስቀባ የተረፈ ቀለም ነበረ፤ ትንሽ ሰማያዊና በዛ ያለ ቀይ አንቲረስት። ይዤው ሄድኩ። ሳሙና የሰጠሁትን በር በሰማያዊ፣ ምንም ያልሰጠሁትን በቀይ ምልክት አደረግሁበት። እዚህ ላይ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የሚፈርስ ቤት በቀይ ኤክስ እንደሚቀባ አገር ያውቃል፤ ስለዚህ ኤክስ እንዳይሆን ተጠንቅቄ ክብ አደረግሁት።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች በአንድ ዕቅድ የሚያያይዝ ነገር መጣ ተባለ፤ ሰው የተረዳው ግን በአንድ ቃል ነው፤ መሬታችን ሊወሰድ ነው። ተማሪዎች ወጡ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ወታደር ገባ፣ ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ብዙ ነበር። ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ በአስኮ ዞሮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ ለመድረስ ታክሲ የሚገኝበት ቀን አለ፤ የማይገኝበት አለ። ሜትር የያዘ ሰው በሰፈር ካለፈ እናቶች በር ላይ ይቆሙ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ግን እኔ ያንን ፖለቲካ ነው፣ ይሄ ወተት ነው ብዬ ለየሁት። እንዴት አድርጌ እንደለየሁት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቀለሙን ስቀባ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሙ።

«አካም ጅርታ ኢንታላ ኮ? ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ ምልክት?»

«ደህና ነኝ አባባ። ለጥናት ነው።»

«የምን ጥናት? ቀዩ ምን ማለት ነው?»

«ለጊዜው መናገር አይፈቀድልኝም» አልኳቸው።

የተናገርኩት በኩራት ነበር። የአማካሪዬን ሕግ በሚገባ ጠብቄያለሁና። ሽማግሌው በሩንም እኔንም አዩና ሄዱ።

በቀይ ከቀባኋቸው በሮች አንዱ የባልቴቷ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ሆለታ አግብታለች፤ ከአንዲት ላም ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሁሉም ቤት የሳቸውን እወድ ነበር፤ አያስጠብቁኝም። ገና ሳንኳኳ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብቅ ይላሉ። «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል። «ነጋ፣ አካም ቡልታኒ አዴ?» ብዬ እንደ እናት አክብሬ እመልሳለሁ። በሩ ላይ ተቀብዬ እሄዳለሁ፤ ወደ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

መሀል ላይ መንገድ ተዘግቶ ቡራዩ ቤተሰቦቼ ጋ ቀረሁ። ሲከፈት ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ባልቴቷም እንደ ወትሮው ወተታቸውን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። የሳቸው ወተት በፊት ቶሎ ይበላሽ ነበር፤ አሁን ግን ሰማያዊ በር ካላቸው ጎረቤታቸው ወተት እኩል መቆየት ጀመረ። አንዱ ሲረጋ ሌላውም ይረጋል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ባልቴቷ ምድባቸውን አውቀው ተደብቀው እያጠቡ ነው የሚል ነበር። ተናደድኩ። ሁለት ወር የለፋሁበትን እኚህ ሴትዮ ሊያበላሹብኝ ነው ብዬ፣ ሲያልቡ ልይዛቸው ከወትሮው ቀድሜ ሄድኩ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዘው ብዬ ገባሁ። በረቱ ባዶ ነው። እበት የለም፣ ድርቆሽ የለም፣ መሬቱ ተጠርጎ ደርቋል። ባልቴቷ በአጥሩ ቀዳዳ ከጎረቤታቸው ሲኒ ወተት ሲቀበሉ ደረስኩ። ሲያዩኝ ደንግጠው ጥቂት ወተት እጃቸው ላይ ፈሰሰ።

«ላሟስ?» አልኳቸው።

«ሸጥኳት።»

«ለምን ሸጡ?»

ሲኒውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «በሩን በቀይ ቀባሽው አይደል? ቀይ የተቀባው ይነሳል፣ ሰማያዊው ይቀራል አሉን። ለሚቀሩት ሳሙና ጨርቅ ተሰጣቸው፣ አስተማርሻቸው። ለቀይ በር ምንም አይሰጥም አሉ። ለሚነሳ ሰው ማን ሳሙና ይሰጣል? ግጦሹ ከሄደ ላሟን ምን ላበላት ነው? ነጋዴ መጣ፣ ነዳት።»

«ታዲያ ወተቱን ለምን ይሰጡኝ ነበር?» አልኩ።

«መጀመሪያ ፈርቼ ነው። አቋረጠች ተብዬ የባሰ እንዳይመጣብኝ። በኋላ ደግሞ አዘንኩልሽ። አንቺ የታዘዝሽውን ነው የምትሠሪ። የእኔ ሲኒ ጎድሎ ከትምህርትሽ ብትወድቂስ? አባት እናት ይኖርሽ የለ?»

እዚያው በረቱ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ያለቀስኩ ይመስለኛል፤ እሳቸው ግን ስለ ወተቱ የተቆጣሁ መስሏቸው ነገ ከሌላ ቤት አመጣልሻለሁ ይሉኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ለእንደዚያ ያለ ማለዳ መሆኑን አወቅሁ።

አጎቴ ሱቁን ዘግቶ ላሟን ሊያስመልስ ከብት ተራ ወረደ። ነጋዴውን አገኘው፤ ላሟ ግን ለሥጋ ተሽጣ ወደ ከተማ ገብታለች። ተመልሶ ሲነግረኝ የወተት ፖሊስ አላለኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ሰፈሩ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ሲል ሰንብቷል። እኔ ሰዎቹ የሚያወሩት ማዘጋጃ ቤት ስለሚቀባው ቀለም መስሎኝ ነበር። አንቺ ነሽ እንዴ?» ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ለአማካሪዬ ደወልኩ። «ናሙናው ተበክሏል፤ እሳቸውን አውጥተሽ ቀጥዪ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መጽሐፉ የሚለውን ነው ያሉት። እኔ ግን የምቀጥልበት አቅም አልነበረኝም። ጥናቱን ተውኩት፤ አንድ ዓመት ዘግይቼ በሌላ ርዕስ ተመረቅሁ። አባቴ ለደንበኞቹ መንገድ ስለተዘጋ ነው እያለ ነገራቸው፤ እኔም አላረምኩትም። ሆለታ ወደ ልጃቸው ሄጄ ላሟን የምንተካበትን መንገድ ጠየቅሁ፤ አጎቴ ጊደር ገዝቶ አመጣላቸው። ጊደር ግን ወተት አይሰጥም፤ ያችን የሚያውቋትን ላምም አይሆንም።

ምልክቱን የማጠፋበት ቀን ደረሰ። ቀለም የሚያስለቅቀውን አኳራጅና ጨርቅ ይዤ ከበር ወደ በር ሄድኩ። በየበሩ እየቆምኩ ቀዩም ሰማያዊውም ከወተት በቀር ምንም ትርጉም እንዳልነበረው ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አላመነኝም፣ አንዲት ሴት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ ቆመው ሰሙኝና «ይህችን ያን ቀን ማለት ይከብድሽ ነበር?» አሉኝ።

የባልቴቷ በር የመጨረሻው ነበር። ውሃ በባልዲ ይዘው ወጡ። አጠገቤ ቆመው ሳሽ ያዩኝ ጀመር። አንቲረስት ቶሎ አይለቅም፤ ክቡ እየደበዘዘ ይሰፋል እንጂ።

«እንግዲህ ስለ መሬት አልነበረማ» አሉ።

«አልነበረም፣ አዴ።»

«ስለ ወተት ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ቀዩ ምን ነበር? አሁን መናገር ይፈቀድልሻል?»

ማሸቴን አቆምኩ። የሚያምር መልስ ፈለግሁ፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም አልሰጠኝም።

«ምንም የማይሰጣቸው ሰዎች ምልክት ነበር» አልኳቸው።

«ሰዎቹም ያሉኝ ይህንኑ ነው» አሉና ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው የቀረውን ራሳቸው ማሸት ጀመሩ።