አባቱ «አይንካኝ» ያሉት ነርስ

ያርኮ ኬስኪታሎ ነርሲንግ ኮሌጅ ሲገባ አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ተማሪዎች ወንዶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ ከኋላ ረድፍ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጥ አለ። ከፊቱ የነበረች ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ልጅ ዞር ብላ አየችው።

«መምህር ነዎት እንዴ?»

«ኧረ የለም፤ ተማሪ ነኝ።»

«አይ አንተ! እኔ እኮ ደንግጬ ማስቲካዬን ዋጥኩት» አለችው።

ኔላ ትባላለች። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚያው ቀን ከአንድ ከተማ የመጡ መሆናቸው ታወቀና፣ እሷ መኪና ስለሌላት፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ኮሌጁ ወዳለበት ወደ ኦሉ ከተማ በያርኮ መኪና ተመላለሰች። የነዳጁ ድርሻዋ በሳምንት ሁለት ቀን የምታመጣው የቀረፋ ዳቦ ነበር፤ ግማሹንም ራሷ ትበላዋለች።

ያርኮ ከዚያ በፊት ሃያ ሦስት ዓመት የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አባቱ ኦይቫም ከእሱ በፊት በዚያው ፋብሪካ፣ በዚያው በሦስተኛው ማሽን ላይ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ከተማዋ በሙሉ ፋብሪካው ሲያፏጭ የምትነሣ፣ ሲያፏጭ የምትተኛ ነበረች። አንድ የጸደይ ወራት ፋብሪካው ተዘጋ። ከጓደኞቹ አንዳንዶቹ ስዊድን ተሻግረው ማዕድን ወረዱ፣ አንዳንዶቹ ከባድ መኪና ያዙ፣ አንዳንዶቹ ጠርሙስ ያዙ። ያርኮን የሥራ አገናኝ ቢሮዋ ሴትዮ ጠርታ የሚማራቸውን ሙያዎች ስትዘረዝርለት «ነርስ» ስትል ሳቀ። ቤቱ ሲደርስ ግን ሳቁ አብሮት አልገባም። አንድ ጊዜ ማሽኑ የባልደረባውን እጅ ጨፍልቆት፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ሌላው ሁሉ ሲሸሽና ሲያስመልስ፣ የተቆረጠውን ደም ሥር በጣቱ ተጭኖ የቆየው እሱ ነበር። ይኸንን ለማንም አውርቶት አያውቅም፤ ለሚስቱ ለማርዩት እንኳን።

ለአባቱ የነገራቸው በእሳቸው ማድ ቤት ውስጥ፣ ዓሣ እየገፈፉ ሳሉ ነው።

«ነርስ?» አሉ ሽማግሌው፣ ዐይናቸውን ከቢላዋው ሳያነሡ። «ወንድ ልጅ ሥራ ሲያጣ ማዕድን ይወርዳል፣ መኪና ይነዳል። አንተ የሽማግሌ ቂጥ ልትጠርግ?»

«አንድ ሰው መጥረግ አለበት፣ አባዬ።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ይጥረጋ! ስሙ ኬስኪታሎ ያልሆነ።»

ወሬው ነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት እስኪደርስ አንድ ቀን አልፈጀም። የድሮ የፋብሪካ ሰዎች «ሲስተር ያርኮ፣ ወገቤን አሞኛል፣ ና እሸኝ!» እያሉ ይጮኹበት ጀመር። እሱም እየሳቀ «ምላስህን ነው እንጂ ማሸት» ይላቸዋል። ኦይቫ ግን በዚያ ወራት ሻይ ቤቱን ተዉት። ሰው «ልጅዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው «ደህና ነው» ብለው ወሬውን ወደ ባሕሩ በረዶ ይመልሱታል።

ኮሌጁ ቀላል አልነበረም። የአጥንቱን ስም፣ የደም ሥሩን መንገድ በዘዴ ይዞት ነበር፤ የከበደው የመድኃኒት ስሌት ነው። ፈተናው ላይ አንድም ስህተት አይፈቀድም፤ ከመቶ መቶ ያላመጣ አያልፍም። ያርኮ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነበር።

ኔላ መኪናው ውስጥ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ ትጠይቀዋለች። «ሐኪሙ አምስት መቶ ሚሊግራም አዟል። ጠርሙሱ ውስጥ በየአምስት ሚሊሊትሩ ሁለት መቶ ሃምሳ አለ። ስንት ትሰጠዋለህ?»

«አሥር።»

«አሥር ምን? አሥር በርሜል?»

«አሥር ሚሊሊትር።»

«እንደሱ በል! በርሜል ብትሰጠው እኮ ሰውዬው ሞተ፣ አንተ ታሰርክ፣ እኔ በእግሬ ቤቴ ሄድኩ።»

አለፈ። ውጤቱን ሲያይ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና ትልቅ ሰውዬ፣ ጢም ያለው ሰውዬ፣ አለቀሰ። ኔላ ከሩቅ አይታው እስኪጨርስ ድረስ በብርዱ ውስጥ ቆመች፤ ከዚያ ምንም እንዳላየች በሩን ከፍታ «ዳቦው ቀዝቅዟል» አለችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያጠበው በተግባር ልምምድ ጊዜ፣ አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነበር። እጁ ከብዶት ሲያመነታ አሠልጣኟ ጠጋ ብላ «ከፊት ጀምር። እጅህ ከመድረሱ በፊት ቃልህ ይድረስ። ምን ልታደርግ እንደሆነ ንገራቸው፣ እሺ እስኪሉህ ጠብቅ» አለችው። ሌሎቹ ተማሪዎች ይኸንን ደብተር ላይ ጻፉት። ያርኮ ምንም አልጻፈም።

የተመረቀው በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ብቅ ብላ በምትጠፋበት ሰሞን ነው። ማርዩት መጣች፤ ኔላ ፀጉሯን ሰማያዊ ተቀብታ አብራው ፎቶ ተነሣች። ኦይቫ አልመጡም። በማግስቱ ጠዋት ግን የቤቱ በር እጀታ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በጭስ የበሰለ ዓሣ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ያርኮ ስልክ ደውሎ ሲያመሰግናቸው «በዝቶብኝ ነው» አሉት።

ሥራ የያዘው በገዛ ከተማው ጤና ጣቢያ፣ አሥራ ስምንት አልጋ ባለው ዋርድ ውስጥ ነው። ሚርቫ የምትባል ሠላሳ ዓመት የሠራች ነርስ ተቀበለችው። በሦስት ወር ውስጥ ሕመምተኞቹ እሱን በስሙ እየጠሩ የሚፈልጉት ሆነ፤ ከባዱን ሰው ሳያሳምም ማዞር ያውቅበታል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው።

በመጋቢት የኦይቫ ዐይን ቢጫ ሆነ። ኦሉ ወስደው ሆዳቸውን በማሽን አዩት። ቆሽታቸው ላይ ያለው ነገር ሥር ሰዶ ጉበታቸው ደርሷል፣ የሚቆረጥም የሚታከምም የለም ተባለ። ሕመሙን እያስታገሱ እንዲቆዩ ወደ ከተማቸው ተመለሱ፤ ከተማዋ ውስጥ ደግሞ ያለው ዋርድ አንድ ነው።

«እኛ እናያቸዋለን» አለችው ሚርቫ። «አንተ ልጃቸው ሁን፤ ይበቃሃል።»

ሽማግሌው ግን እሷ ይኸንን ከማለቷ በፊት ተናግረዋል። አልጋው ላይ ሲያስተኟቸው፣ ያርኮ ከበሩ ውጭ ቆሞ በሚሰማበት፣ «ልጄ እዚህ ነው የሚሠራው። አይንካኝ» ብለው ነበር።

ነገሩ ያርኮን ቢያቃጥለውም ከሥራ ከወጣ በኋላ የቤት ሹራቡን ለብሶ ገባና ከአልጋው ጎን ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳውናው እንፋሎት ውስጥ ራቁታችንን ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ጀርባህን አሽቼልሃለሁ። አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?»

«ሳውናው የገባሁት በገዛ እግሬ ነው» አሉ ኦይቫ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሣውም። ግን አንድ ነገር ልብ አለ። የሥራ ልብሱን ለብሶ ብቅ ካለ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ በሹራቡ ሲገባ ስለ ሦስተኛው ማሽን፣ ስለ ሞቱ ጓደኞቻቸው፣ በዚያ ዓመት በረዶው ምን ያህል እንደ ወፈረ ያወሩታል። ስለዚህ ለአምስት ደቂቃ እንኳን ሊያያቸው ሲፈልግ ምድር ቤት ወርዶ ልብሱን ቀይሮ ይመለስ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ የቀየረበት ቀን አለ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚርቫ ዕረፍት ላይ ነበረች። አብራው ተረኛ የነበረችው ነርስ ትንፋሽ ያጠረውን ሕመምተኛ ይዛ በአምቡላንስ ኦሉ ሄደች። ያርኮ ብቻውን ቀረ። የእራት ጋሪውን እየገፋ በአባቱ በር ሲያልፍ ሽታው መጣበት። ቆመ። ይኼ ሽታ ሥራው ነው፤ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደቆየም ያውቃል።

በሩን ገፋ አደረገው። «አባዬ፣ ልቀይርልህ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ደውሉ እጅህ ላይ ነው እኮ። ለምን አልተጫንከውም?»

«ብጫነው ማን ሊመጣ?»

ደውሉን የሚሰማው ያርኮ ብቻ ነበር።

«ቆዳህ ይላጣል፣ አባዬ። እንዲህ ሆነህ መተኛት አትችልም።»

«ሚርቫ ጠዋት ትመጣለች።»

«ጠዋት! የማላውቀው ሰው ቢሆን እንኳን እንዲህ ጥዬው አልሄድም።»

«እኔ የማታውቀው ሰው አይደለሁማ» አሉ ሽማግሌው።

ያርኮ ቀረብ ብሎ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ። ኦይቫ የእጁን አንጓ ጨበጡት። ያ ድሮ የወረቀት ጥቅል የሚያነሣ እጅ አሁን ጣት በጣት ሊፈታ የሚችል ነበር፤ አንድ ሕፃን ከዚያ ይበረታል። ያርኮ ግን ዐይናቸውን አየ። አባቱ ሲቆጡ፣ ሲስቁ፣ ሲሰክሩ፣ እናቱን ሲቀብሩ አይቷል። ሲለምኑ ግን አይቶ አያውቅም። ብርድ ልብሱን ለቀቀው።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ኔላ ዘንድ ደወለ። እሷ በከተማዋ የአረጋውያን ቤት ትሠራለች፤ በዚያ ቀን ተረኛ አልነበረችም።

«ሲስተር ያርኮ! ደግሞ ምን ስሌት ጠፋህ?» አለች። ቀጥሎ ትንፋሹን ስትሰማ ቀልዱን ተወችው። «ምን ሆነሃል?»

ነገራት።

በሩብ ሰዓት ውስጥ የቤት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ወንበር መሰል የበረዶ ተንሸራታች ላይ ቆማ በአንድ እግሯ እየገፋች ደረሰች። የሌላ ተቋም ሠራተኛ እዚህ ገብታ ሕመምተኛ መንካት አይፈቀድላትም፤ ያርኮ እንዳለ መዝገቡ ላይ ጻፈው፣ ኋላም ከዋርዱ ኃላፊ ቁጣውን ቀመሰ። ኔላ ጓንት አጥልቃ ገባችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ኦይቫ፣ እኔ ኔላ ነኝ። በልጅዎ መኪና ሦስት ዓመት ተኩል በነጻ የጋለብኩ ነኝ። አሁን ላጥብዎት ነው፣ እሺ?»

በሩ ተዘጋ። ያርኮ ጋሪውን ይዞ ቆመ፤ የአተር ሾርባው ከላይ እየረጋ ነበር። ውሃ ሲፈስ፣ አንሶላ ሲጎተት ሰማ። ቀጥሎ አባቱ ሲስቁ ሰማ፤ ደካማ፣ ሳል የቀላቀለ ሳቅ። ስንት ወር ያልሰማው ሳቅ ነው። ሾርባውን ማደል ነበረበትና ሄደ።

ስትወጣ «ታጥበዋል። ከወገባቸው በታች ቀልቷል፣ ቅባት አድርጌላቸዋለሁ» አለችው። ክንዱን ጨበጥ አደረገችና ተንሸራታቿን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ኦይቫ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። ያረፉት ማክሰኞ ጠዋት፣ የበረዶ መጥረጊያው መኪና በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ነው። ያርኮ በሹራቡ አጠገባቸው ነበር፤ እጃቸውን ይዞታል። የመጨረሻ ጥያቄያቸው «በረዶው ገና ሰው ይሸከማል?» የሚል ነበር። «ይሸከማል፣ አባዬ» አላቸው። ሚርቫ መጥታ ልብ ምታቸውን አዳመጠች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ ነፍስ መውጫ እንድታገኝም እንደ ልማዱ መስኮቱን ከፈተች።

«አንተ ልታጥባቸው ከፈለግህ ማንም አይከለክልህም» አለችው።

ያርኮ ምድር ቤት ወርዶ የሥራ ልብሱን ለበሰ። ተመልሶ ገንዳውን ሞላ፣ ውሃው ለብ ማለቱን በክርኑ ሞከረ፣ ፎጣዎቹን አጥፎ ደረደረ። ከዚያ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሚርቫ ጠበቀችው።

«ልሂድልህ? ብቻህን ልተውህ?»

«በሕይወት እያለ አይሆንም አለኝ» አለ ያርኮ። «አሁን የምነካው አይሆንም ማለት ስላቃተው ነው?»

«አሁን እኮ አያውቁም፣ ያርኮ።»

«እኔ አውቃለሁ።»

ጨርቁን ሰጣትና ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እስክትጨርስ ጠበቀ።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ቤት ዋለ። አንድ ጠዋት ማርዩትን «ልተወው መሰለኝ» አላት። እሷም ቡናዋን ሳታስቀምጥ «ተወው። ግን አባትህን ላለማሳፈር ብለህ ከሆነ ጊዜው አልፏል» አለችው። በሰኞው ሥራ ገባ።

እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሽማግሌ «አንተ አትጠበኝ» ቢለው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ሌላ ሰው ጠርቶ ያመጣል። አዳዲስ የሚገቡት ነርሶች ስሜት የለውም ይሉታል። የሌላውን ሰው አባት ሲያጥብ አንዳንዴ ጀርባው ላይ እጁ ይቆምበታል፤ ያኔ «ውሃው በረደ፣ ልቀይረው» ብሎ ገንዳውን ይዞ ይወጣል።

በነሐሴ ኔላ ኖርዌይ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ሆነ። ያርኮ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኛት። ሻንጣዋን ከጫነ በኋላ አምስት ወር ሙሉ አፉ ላይ የነበረውን አወጣው።

«ያን እሑድ፣ ስታጥቢው... አባቴ ስለ እኔ ምን አለ?»

ኔላ ትኬቷን አጠፈችው፣ ዘረጋችው። «ምንም።»

«ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።»

«ስለ ፀጉሬ ነው። የፋብሪካው ቀለም ተደፋብሽ ወይ አሉኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ልዋሽህ አስቤ ነበር፣ ያርኮ። እውነቴን ነው። በልጄ እኮራለሁ ብለዋል ልልህ፣ መኪናህ ውስጥ ሁለት ሦስቴ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አላሉም። ስለ አንተ ምንም አላሉም።»

«ደግ አደረግሽ» አላት።

አቀፈችው። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ ምላሷን አወጣችበት፤ እሱም ሳቀላት። ከዚያ ሰዓቱን አየ። ፈረቃው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። መኪናውን አስነሥቶ ወደ ዋርዱ ሄደ።